ባልየው የወለደ ዕለት

«ባልየው ወለደ!» አሉኝ አደይ ለተብርሃን፣ ሰላምታ እንኳን ሳያስቀድሙ፣ ፊት ለፊቴ ቆመው።

በሁለት እጃቸው ትልቅ የማርማላታ ጠርሙስ ይዘዋል። ጠርሙሱ ውስጥ ከሦስት ሳምንት በፊት «ባልና ሚስት ናቸው፣ ይባረኩልዎ» ብዬ የሸጥኩላቸው ሁለት ዓሦች ይዋኛሉ። ከነሱ ሥር ደግሞ ዓይንና ጅራት ብቻ የሆኑ፣ ከስንጥር የቀጠኑ ነገሮች ይተረማመሳሉ።

«ሚስትየዋ ወለደች ለማለት ነው» አልኳቸው።

«ዋእ! ጓለይ፣ ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት አዋላጅ ሆኜ ሠርቻለሁ። የወለደውንና ያልወለደውን ለይቼ አውቃለሁ። ይሄ ግራጫው፣ ሆዳሙ፣ ወንድ ነው ብለሽ የሰጠሽኝ፣ ትናንት ጠዋት ዓይኔ እያየ አሥራ አንድ ልጅ ወለደ። ሚስት ናት ያልሽኝ ደግሞ ዳር ቆማ ጅራቷን ታወዛውዛለች። ጡረታ የወጣሁት እኔ እንጂ ዓይኔ አይደለም።»

ጎንበስ ብዬ ጠርሙሱ ውስጥ አፈጠጥኩ።

እንዳትፈርዱብኝ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ በር ድረስ ወስዶ የመለሰኝ ልጅ ነኝ። ከዚያ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ሥራ ይዤ ሦስቱንም በአፌ ምክንያት ለቀቅሁ። ጭማቂ ቤት ሳለሁ አንድ ደንበኛ «አቮካዶው የዛሬ ነው?» ሲለኝ «የትናንት ነው» አልኩት። ፎቶ ኮፒ ቤት ሳለሁ አንድ ሰውዬ የሥራ ማመልከቻውን እንድተይብለት አመጣ፤ አንብቤ «እኔ ብሆን አልቀጥርህም» አልኩት። ሦስተኛው ልብስ ቤት ነበር። አንዲት ሴት ጠባብ ቀሚስ ለብሳ መስታወት ፊት ዞር ዞር አለችና «እንዴት ነኝ?» አለችኝ። የቀረውን ገምቱት።

አራተኛው ሥራዬ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ነው። ጋሽ ሰይድ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። መቀሌ የመጡት የፕላስቲክ አበባ ይዘው ነው፤ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ውስጥ መኪና በማይገባበት ቅያስ አንድ ሱቅ ከፍተው፣ ከአበባው በኋላ የወፍ ጎጆ ጨመሩ፣ ከወፍ ጎጆው በኋላ ዓሣ። የሚበላ ዓሣ አይደለም። በመስታወት ሳጥን ውስጥ ሆኖ የሚታይ፣ የጣት ግማሽ የሚያህል፣ ጋፒ የሚባል። በላስቲክ ታስሮ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይመጣል፤ ከሰው ይልቅ እሱ ጉዞውን ይችለዋል።

ሥራውን ወደድኩት። ዓሣ «እንዴት ነኝ?» ብሎ አይጠይቅም። ያለ ጠብ ሁለት ወር ቆየሁ፤ ለእኔ ይሄ እንደ ሽምግልና ዕድሜ የሚቆጠር ነው። ጋሽ ሰይድም ደስ ሳይላቸው አልቀረም፣ አንድ ቀን ጠሩኝና እንዲህ አሉ፦

«አንች ልጅ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ ሁለተኛ ሱቅ ተከራይቻለሁ። ወደ ውቅሮ መውጫው ላይ፣ አዳዲስ ቤት የሚሠራበት። አዲስ ቤት የገባ ሰው ሁሉን ነገር አዲስ ይፈልጋል። አሁን ወንድሜን ልድር አገሬ እሄዳለሁ፣ አንድ ወር እቆያለሁ። ስመለስ ለሰሜኑ ሱቅ የሚበቃ የዓሣ ጫጩት እዚሁ አራብተሽ ካገኘሁሽ፣ እዚያ የምትቀመጪው አንች ነሽ። ካላገኘሁ ግን…»

አልጨረሱትም። እኔ ጨረስኩት፣ በሆዴ። ቤት ተመልሼ እናቴ ፊት አራተኛ ጊዜ «ወጣሁ» ማለት ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ሱቅ የራሴ ነው ብዬ ጠዋት በር መክፈት ምን እንደሚመስል ማየት ፈልጌ ነበር። በጣም ነው የፈለግሁት።

«ወንዱንና ሴቷን ትለያለሽ አይደል?» አሉኝ።

«ምን ይከብዳል!» አልኩ።

አሁን ነሐሴ ላይ መቀሌ መጥቶ የሚያውቅ ሰው ይፍረደኝ። አሸንዳ ሲሆን መንገዱን የሚሞላው ማነው? ሴት። ሹሩባ የተሠራችው፣ የተኳለችው፣ ቀሚሷ መሬት የሚጠርገው፣ እየዞረች የምትውረገረገው ሴት ናት። ወንዱስ? ዓመት ሙሉ የለበሳትን ግራጫ ጃኬት ለብሶ ግድግዳ ተደግፎ ያያል። ስለ ወንድና ሴት ልዩነት የነበረኝ ዕውቀት ይኸው ነው። የባዮሎጂ መምህራችን ስለ ዓሣ ያስተማሩን አተነፋፈሱን ብቻ ነው፤ ስለ አለባበሱ ትንፍሽ አላሉም።

እና ሳጥኖቹ ፊት ቆሜ አየሁ። ግማሾቹ ጅራታቸው እንደ ሐር ሻርፕ የተዘረጋ፣ ብርቱካናማ፣ ሰማያዊ፣ ነጠብጣብ፤ ሲሄዱ ይውረገረጋሉ። ግማሾቹ ግራጫ፣ ጌጥ የሚባል ነገር ያልነካቸው፣ ሆዳቸው የተነፋ፣ ደሞዝ የወጣ ዕለት ከሥጋ ቤት የሚመለስ የመንግሥት ሠራተኛ የሚመስሉ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ጌጠኞቹ ሴት፣ ሆዳሞቹ ወንድ። ግማሽ ቀን ሳይሞላ ሁሉንም ለይቼ፣ ነጭ ፕላስተር ላይ «ሴቶች»፣ «ወንዶች» ብዬ ጽፌ ለጠፍኩ። ሱቁ የትምህርት ቤት መጸዳጃ መሰለ፣ ግን ሥርዓት ያዘ።

ጋሽ ሰይድ ስለ ማራባት የነገሩኝ አንድ ሕግ ነበር፤ የኋላውን ሳጥን ተጠቀሚ፣ ለአንድ ወንድ ሦስት ሴት አድርጊ የሚል። ቅንድቤ ከፍ ሲል አዩና «እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ የአዲስ አበባው ነጋዴ ነው። እኔ አንዷንም በአላህ ርዳታ ነው የያዝኳት» አሉ።

እንደ ትእዛዙ ሦስት ጌጠኛና አንድ ሆዳም አስገባሁ። እናንተ! ያን ምስኪን ያየ ሁሉ ትዳር ይፈራል። ሦስቱ «ሚስቶች» ከጠዋት ጀምሮ ይከተሉታል። ጥግ ሲገባ ጥግ፣ አየር ከሚነፋው ቱቦ ኋላ ሲደበቅ ቱቦው ኋላ። ምግብ ስበትንለት እንኳን ፋታ አይሰጡትም። መጀመሪያ «ምን አድርጓቸው ይሆን?» ብዬ እነሱን ደገፍኩ። በሦስተኛው ቀን ግን አንጀቴን በላኝ። «ተዉት እንጂ! እሱስ ነፍስ የለውም?» እያልኩ መስታወቱን እመታለሁ፤ መንገደኛ ቆሞ እኔን ያያል። በሳምንቱ ይረፍ ብዬ አወጣሁትና ብቻውን ባልዲ ውስጥ አስቀመጥኩት። በእሱ ፋንታ ሌላ ሆዳም አስገባሁ። ሌላውም ያው ደረሰበት። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ከትዳር የተረፉ ባሎች የሞሉበት ባልዲ ባለቤት ሆንኩ።

አንዳንድ ጠዋት ባልዲው ውስጥ ትንንሽ የሚንቀሳቀስ ነገር አይ ነበር። የትንኝ ትል መሰለኝ። ባሎቹ እየለቀሙ ሲበሉት «ጎሽ! ጎበዞች!» አልኳቸው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ታሳፍረኛለች።

ሽያጩም ደርቶ ነበር። የማዕዘኑ ፀጉር አስተካካይ ክብሮም መጣና «ሓፍተይ፣ እኅቴ፣ ስድስት ስጪኝ፣ ግን ሁሉም ወንድ ይሁኑ። የከፈትኩት ፀጉር ቤት ነው፣ መዋዕለ ሕፃናት አይደለም» አለኝ። ከሆዳሞቹ ሆዳሞቹን መርጬ ሰጠሁት። አንድ አዲስ ያገባ መምህር ለሚስቱ ጥንድ ወሰደላት። አደይ ለተብርሃን ጥንድ ወሰዱ፤ ጡረታ ሰልችቷቸው ነበር። ሌሎችም አሉ፣ በጠቅላላው ዘጠኝ ቤት።

እና አሁን አደይ ለተብርሃን ጠርሙሳቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ቆመዋል።

«ስልክሽ መብራት አላት?» አሉኝ።

ስልኬ ያን ጊዜ የምትችለው መደወልና ማብራት ብቻ ነበር። አበራሁ። መነጽራቸውን አደረጉና ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳርፈው፣ ተማሪ ነርስ እንደሚያስተምሩ ሁሉ ጀመሩ፦

«ጅራቱን ተዪው፣ ጅራት ያታልላል። ሆዱ ሥር፣ ወደ ኋላ ግድም፣ አንዲት ትንሽ ክንፍ አለች፣ አየሻት? የዚህች ሆዳሟ እንደ ማራገቢያ ተዘርግታለች። የጌጠኛው ግን የተጠቀለለች፣ ቀጭን፣ እንደ ክብሪት እንጨት ናት። የተዘረጋችው ሴት፣ ክብሪቷ ወንድ። አሁን ደግሞ ከማራገቢያዋ በላይ እዪ፤ ጥቁር ነጥብ አለች? እዚያ ነው ልጆቹ የሚቀመጡት። ነጥቧ ስትሰፋ፣ ሆዷ ክብ መሆኑን ትቶ አራት ማዕዘን ሲሆን፣ ወሯ ገብቷል ማለት ነው።»

«ይሄን ሁሉ ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል? ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳይ ነው የዋልኩት። ማሕፀን ማሕፀን ነው፣ ጓለይ።»

ስልኬን ይዤ ከሳጥን ወደ ሳጥን ሄድኩ። «ወንዶች» የሚለው ሳጥን ውስጥ ሁሉም ማራገቢያ። «ሴቶች» የሚለው ውስጥ ሁሉም ክብሪት። የኋላው ሳጥን ውስጥ አንዲት እርጉዝ ሴት ሦስት ጎረምሳ እያባረራት፣ እኔ ደግሞ ባልየውን ከሚስቶቹ ላድን ስጮህ ነው የከረምኩት። ባልዲው…

ባልዲው ትዝ ሲለኝ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የትንኝ ትል ያልኩት። «ጎሽ» ያልኩት።

«ምን ሆንሽ?» አሉኝ አደይ ለተብርሃን። ነገርኳቸው። ሣቁ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዕንባቸውን እስኪጠርጉ ሣቁ። ያን ሣቅ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም፣ ያነሣኝ ግን እሱ ነው።

ጋሽ ሰይድ ሊመለሱ አሥር ቀን ቀርቷቸዋል፣ ሱቁ ውስጥ አንድ ጫጩት የለም። አደይ ለተብርሃን የራሳቸውን አሥራ አንድ እንዲያበድሩኝ ብለምን «እኔ ያዋለድኳቸውን? አይታሰብም!» አሉ። ፕላስተሮቹን አገላበጥኩ፣ የኋላውን ሳጥን በትክክል አደራጀሁ፣ ከባልዲው ሴቶች ወራቸው የተቃረበውን ለብቻ አደረግሁ። ከዚያ ስልኬንና አንድ የመስታወት ማሰሮ ይዤ ዘጠኙን ቤት ልዞር ተነሣሁ። የተሳሳተውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ የማርመውም እኔ ነኝ።

የመምህሩን በር ያንኳኳሁት በጣም ቸኩዬ ነበር። ሚስቱ ስትከፍት «የባልሽን ሆድ አንዴ በመብራት ላየው መጣሁ» አልኳት። በሩ ተመልሶ ሊዘጋ ሲል «የዓሣውን! የዓሣውን!» ብዬ እግሬን አስገባሁ። ለካ ሰውዬው ሆዳሙን በራሱ ስም ጠርቶት ኖሯል። ነገሩን ስነግራቸው ሚስቱ ደፉ ላይ ቁጭ ብላ ሣቀች። እሱ ግን ዓሣውን ትኩር ብሎ አየና ኮስተር ብሎ «ታዲያ መቼ ነው የምወልደው?» አለኝ። «ሁለት ሳምንት ይቀርዎታል» አልኩት፤ ሰፊ ሳጥን አዘዙኝ።

ክብሮም ዘንድ ስደርስ ከደጅ ሰልፍ አየሁ። ሊገድለኝ ነው ብዬ ገባሁ። የስድስቱ «ወንዶች» ሳጥን ውስጥ ልጆች ይርመሰመሳሉ፤ ለካ ስሸጥለት አርግዘው ኖሯል፤ ሣር ቢጤ ጨምሮበት ስለነበር ተደብቀው አድገዋል።

«ክብሮም፣ ስማኝ፣ ተሳስቻለሁ፣ ሁሉንም ልቀይርልህ ነው የመጣሁት።»

ምላጩን አየር ላይ አቁሞ ዞረ። «እንዳትነኪ! ሰው ተራውን ሲጠብቅ ሰልችቶት ይሄድብኝ ነበር፤ አሁን ተቆርጦም አይሄድልኝ። እኚያ ሽማግሌ ፀጉር የላቸውም እኮ፣ ሦስተኛ ቀናቸው ነው።»

«እሺ ጫጩቶቹን ስጠኝ፣ ለሱቅ ያስፈልጉኛል።»

«መዋዕለ ሕፃናቴን?» አለ። ባዶ ማሰሮዬን ይዤ ወጣሁ።

በአራተኛው ቀን፣ ጠዋት፣ ሳጥን እያጠብኩ ሳለ ጋሽ ሰይድ ሻንጣቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙ። ስድስት ቀን አስቀድመው።

«ወንዱ ወለደ የሚሉት ምንድን ነው?» አሉ። «ከመናኸሪያ እዚህ እስክደርስ አራት ሰው ነገረኝ። አንዱ እንኳን ደስ ያለዎት አለኝ።»

ልዋሽ አሰብኩ፣ አልችልበትም። «ጋሽ ሰይድ፣ ወንዱንና ሴቷን አገላብጬ ነበር የማውቀው። አሁን አርሜዋለሁ።»

«እለያለሁ አላልሽኝም?»

«ብያለሁ። እርስዎስ ቢያውቁት ኖሮ ይጠይቁኝ ነበር?»

ሦስቱም ሥራዎቼ ያለቁት በዚህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው። ከአፌ ስትወጣ አየኋት፣ ግን አልደረስኩባትም። ጋሽ ሰይድ ሻንጣውን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አኖሩ።

«ጫጩትስ?»

«የለም።»

«አንድም?»

«የነበሩትን እናቶቻቸው በሏቸው። እኔም አበረታትቻቸዋለሁ።»

«ቁልፉን አምጪ» አሉ። ድምፃቸው አልጮኸም፣ ያ ነው የከፋው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ነጠላዬን አነሣሁ። እግሬ ግን እምቢ አለኝ፤ ከሳጥኖቹ ዳር ለብቻዋ ያደረግኋት አንዲት ግራጫ ነበረች።

«አንድ ነገር ልንገርዎትና ልሂድ። ያቺ ዛሬ ትወልዳለች። ሰው ካልጠበቃት ልጆቿን ትበላለች።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ። አሥር ሰዓት ሳይሆን።»

«በምን አወቅሽ?»

ስልኬን አበራሁና አሳየኋቸው፤ ማራገቢያዋን፣ ጥቁሯን ነጥብ፣ አራት ማዕዘን የሆነ ሆዷን። ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እናያለና» አሉ። «ተቀመጪ።»

ተቀመጥን። አራት ሰዓት ሆነ፣ ዓሣዋ ትዋኛለች። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ትዋኛለች። ወሬው ቅያሱን አዳርሶ አደይ ለተብርሃን መጡ፤ አንዴ ብቻ አይተዋት «በደኅና ሁኔታ ላይ ናት» ብለው እንደ ተረኛ ጥግ ያዙ። ክብሮም መጣ፣ ኋላው ግማሽ ፀጉሩ የተላጨ ደንበኛው ተከትሎት። ደንበኛው «አትወልድም» ሲል አደይ ለተብርሃን «አንተ መጀመሪያ ራስህን ጨርስ» አሉት።

ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ዓሣዋ ግን ጥግ ይዛ ቆመች እንጂ ምንም የለም። ከመስጊዱ የአሱር ሶላት ጥሪ ተሰማ። ጋሽ ሰይድ ሰዓታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሊሰግዱ ወጡ።

ቅያሱን እንደ ታጠፉ ጀመረች።

መጀመሪያ የወጣው ድቡልቡል ነገር ነው፣ እንደ ምስር ፍሬ። ወደ ታች ወደቀ፣ ተዘረጋ፣ ዓይን አወጣ፣ ዋኘ። እናትየው ዞረችና አፏን ከፈተች። «አውጪው!» ብለው ጮኹ አደይ ለተብርሃን። የዓሣ ማውጫው መረብ ዓይኑ ሰፊ ነው፣ ያሾልካል። የጋሽ ሰይድን የሻይ ማጥለያ አንሥቼ ነከርኩ። አንዱን ሳወጣ ሌላው ይወርዳል፤ እሷ ትዞራለች፣ እኔ ማጥለያውን እጋርዳለሁ። ክብሮም ጋሽ ሰይድን ሊጠራ ሮጠ፣ ሶላት ላይ ያለ ሰው እንደማይጠራ ደጃፍ ላይ ትዝ ብሎት ተመለሰ። ደንበኛው በግማሽ ራሱ ላብ እያሰጠመው ማሰሮውን ያዘልኝ።

ጋሽ ሰይድ ሲመለሱ እጅጌዬ እስከ ክርን ረጥቧል። አደይ ለተብርሃን ብድግ ብለው፣ ለሠላሳ ዓመት ለስንቱ አባት እንደተናገሩት ባለ ድምፅ «አሥራ ዘጠኝ። እናቲቱም ደኅና ናት» አሉ።

ጋሽ ሰይድ ማሰሮውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረጉት። በዚያው ቅጽበት ከሳጥኑ ውስጥ አንድ የዘገየ ድቡልቡል ወረደ፣ ተዘረጋ፣ ወደ ላይ መጣ። በማጥለያው ወሰድኩት።

«ሱብሓነላህ» አሉ ቀስ ብለው። «ሃያ።»

ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ ከጃኬታቸው ኪስ ቁልፍ አወጡ፣ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጥኩት አጠገብ አኖሩት።

«ያ የዚህ ነው፣ እዚህ ይቅር» አሉ። «ይሄ የሰሜኑ ነው። ሳጥኖቹን ትናንትና አከራዩ አስተክሎልኛል፣ ውሃ ግን የላቸውም። ቅዳሜ እንከፍታለን?»

«ቅዳሜ አይሆንም» አልኩ። «የቧንቧ ውሃ መድኃኒቱ እስኪወጣለት ሁለት ሦስት ቀን መቆም አለበት። ያለዚያ ሁሉንም ይገድልብናል። ማክሰኞ።»

«አንች ልጅ፣ ጠየቅሁሽ እንጂ እዘዢኝ አልኩሽ?»

«ማክሰኞ።»

«እሺ፣ ማክሰኞ» አሉ።

«ዛሬ ሰሜን ውሃ የሚመጣበት ቀን ነው» አለ ክብሮም፣ «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይሄዳል፤ እኅቴ እዚያ ናት የምትኖረው።»

እጄን በነጠላዬ ጠርጌ ቁልፉን አነሣሁ። ሁለት ቢጫ ጀሪካንና አንድ የውሃ ጎማ ያዝኩና የሰሜን ታክሲ ሳያመልጠኝ እየሮጥኩ ወጣሁ።